ውል

«እስከ ሰኞ ጠዋት ይቅረብ» ይላል ቢሮው፣
ባለ ሦስት ገጹን ቅጽ እኔ ነኝ የምሞላው።
እኔ፣ የሳይቱ ሰዓት ተቆጣጣሪ፣
የመዶሻ ቆጣሪ፣ የሚስማር ቆጣሪ፣
ዛሬ ደግሞ አደጋን በሠንጠረዥ አስፋሪ።

የቦታው ስም፦ ማራኪ። አዲስ ትምህርት ቤት።
ቁመት፦ አሥራ አንድ ሜትር፣ ከነጉልላት።
የሠራተኛ ብዛት፦ አሥራ አራት።
ቀበቶ፦ ሁለት።
አንደኛው ዘለበቱ የተሰበረ፣
ሁለተኛው ከነላስቲኩ ዘበኛው ጋ የቀረ።

«ሊደርስ የሚችል አደጋ» ይላል ቀጣዩ ዓምድ።
ብዕሬ እንደ በቅሎ ገገመ፤ እንቢ አለ መንገድ።
ምን ብዬ ልሙላው? ጓዴን ልጻፍ እንዴ?
ስሙም ጓዴ ነበር፣ ነገሩም የኔው ጓዴ።
ያምና ሐምሌ፣ አዘዞ፣ የእህል መጋዘን ላይ፣
ካፊያ ያራሰው ቆርቆሮ ላይ፣
ሚስማር በጥርሱ ይዞ ሲሣሣቅ ከታች ካለ ሰው፣
ጫማው ሸርተት አለ፤ ሚስማሩን እንኳ አልተፋው።
ዐሥር ቀን ሆስፒታል። ዐሥራ አንደኛውን አልጻፍሁም፤
ከስሙ ፊት ለፊት «ቀረ» ማለት አልሆነልኝም።

ቅጹ ግን ስም አይጠይቅም። «መውደቅ» ብቻ ይላል።
አራት ፊደል ውስጥ ሰው እንዴት ይገባል?
ጻፍሁ እኔም፦ መውደቅ።
መከላከያ፦ ገመድ። የመሰላሉ እግር እንዲታሰር።
ካፊያ ከጣለ፣ ከጎሃ በኩል ነፋስ ከመጣ፣ ሥራ እንዲቀር።
ኃላፊ፦
ይህን ባዶ ተውሁት፤ እስኪነጋ ይደር።

ቅዳሜ። በስንት ጭቅጭቅ ያስገዛሁት ገመድ መጣ፣
ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ የሱቅ ሽታው ያልወጣ።
ኑርሁሴን ሳቀ፦ «ለበሬ ነው ለሰው?»
መልካሙ ቀጠለ፦ «በቁሜ ልትሰቅሉኝ ነው?»
ጋሽ አስማረ ዝም። ጣሪያ ላይ የሸበተ ሰው ነው፣
እግሩ ሞራሌውን ያውቀዋል፤ በጨለማም አይስተው።
«ልጄ» አለኝ ኋላ፣ «እኔን እስከ ዛሬ ያቆመኝ ማን ነው?
ገመድ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። አንቀጽ ብጠቅስለት ዐይኑን ይከድናል፣
«የቸኮለች አፍሳ…» ብል ሁሉም ይስቅብኛል።
ገመዱን አቀበልሁት፦ «እኔ ቋጠሮ አላውቅም፤
ለነዚህ ልጆች አሳያቸው። አንተ ካላሰርህ አልፈርምም።»

አገላብጦ አየው። በጣቱ አሸው፣ ሳበው።
የመተማ ሲራራ ነጋዴ አባቱ ያስተማረው
የግመል ጭነት ቋጠሮ ከእጁ አልጠፋም፤ አሰረው።
«ይህ» አለ፣ «ገደል አፋፍ ላይ ግመሉን ቢያዳልጠው
ጭነቱን የማይለቅ ነው።
ውሉን ብቻ እንዳትስቱ። ውሉ የጠፋ ቋጠሮ
አምናም ሰው ገድሏል፤ ይገድላል ዘንድሮ።»

ውል። ለኔ ውል ሲሉኝ የሚታየኝ ወረቀት፣
ቴምብር፣ ማኅተም፣ ሦስት ኮፒ፣ ፊርማ ከነቀናት፤
ለካስ ውል የሚሉት በጣት የሚዳሰስ፣
አንዱን ጫፍ ሲስቡት ሌላው ሰው ጋ የሚደርስ።

ልጆቹ ታስረው ወጡ። እሱ መጨረሻ፣ ቀስ ብሎ፣
ወገቡን ሲያስር ማንም አላየኝ ብሎ።
እኔ ግን ሰዓቱን ጻፍሁ፦ ሦስት ከሩብ።

ከላይ ሆኖ መልካሙ የፋሲልን ግንብ አየና
«ስንት ሰው ወድቆ ይሆን፣ ያ ሁሉ ደርብ ሲሠራ ገና?»
«አልተጻፈም» አለው ኑርሁሴን፣ መዶሻውን አነሣና።
«ጸሐፊ ለንጉሥ እንጂ ለግንበኛ መች ነበረና።»

ማታ ባዶውን ሞላሁት።
ኃላፊ፦ ለቋጠሮው አስማረ፣ ለገመዱ ቆጠራ እኔ።
ቢሮው «ደንቡን አልጠበቀም» ብሎ ቢመልሰው፣ ይመልሰው ወደኔ።

ሰኞ ካፊያ። ከጎሃም ነፋስ። ማንም አልወጣም።
መልካሙ አጉረመረመ፦ «የቀን አበላችንስ? የለም?»
አለ፣ ገጽ ሁለት ላይ፤ ኮንትራክተሩ ግን ገና አላነበበም።
እነሱ ግማሽ ክዳኑ ሥር ካርታ ሲጫወቱ
መዝገቤን ገልጬ ወረድሁ፣ ስም በስም፣ በየተርታቱ፤
አሥራ አራት ጊዜ ጻፍሁ፦ አለ።
የጓዴን መስመር ዘለልሁት፤
ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታቱን ቀጠለ።